እትብት ከሚቀበርበት ደጅ እስከ ጤና ጣቢያ፦ የቤት ውስጥ ወሊድ ታሪክ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ

መግቢያ

በአማርኛ አንድ ሰው የትውልድ ስፍራውን ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። አባባሉ ዛሬ የአገር ፍቅር መግለጫ ሆኗል፤ መነሻው ግን የወሊድ ታሪክ ነው። ሕፃኑ በቤት ይወለዳል፤ እትብቱ በቤት ይቆረጣል፤ እንግዴ ልጁም ከደጅ ሳይርቅ ይቀበራል። ቋንቋው ይህን ያህል ያከበረው የቤት ውስጥ ወሊድ ለብዙ መቶ ዓመታት የደቡብ ጎንደር ደጋ ብቸኛ የወሊድ ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው በአገሪቱ ከሚወልዱ መቶ እናቶች መካከል በጤና ተቋም የሚወልዱት አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ የሚወልዱት በእናታቸው፣ በአማታቸው ወይም በራሳቸው ቤት ነበር።

ይህ ጽሑፍ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋማ ወረዳዎች የቤት ውስጥ ወሊድ ምን ይመስል እንደነበር፣ ዘመናዊው የጤና አገልግሎት እንዴት እንደደረሰበትና ለዛሬው የጤና ባለሙያ ምን ትምህርት እንዳለው ይቃኛል። የቤት ወሊድን ማውገዝም ሆነ ማወደስ ዓላማው አይደለም። አንዲት እናት ከቤቷ ወጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ምን ትታ እንደምትመጣ የማያውቅ ባለሙያ ለምን እንዳልመጣች ሊገነዘብ አይችልም።

ቤቱና ሴቶቹ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ ይታያል። ወደ ጣና የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ነው። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በላይ ጋይንትና በስማዳ የገጠር ቀበሌዎች የሚገኙ ጎጆዎች በኮረብታና በሸለቆ ተበታትነው የተሠሩ ናቸው። የአየሩ ብርድ፣ የመንደሮቹ መራራቅና የክረምቱ የወንዝ ሙላት የወሊድን ታሪክ ከወሰኑት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው።

እንደ ልማዱ አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነበር። ወሯ ሲገባ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፤ ተልባና አጥሚት ይዘጋጅላታል። ምጥ ሲጀምራት ወንዶች ከቤት ይወጣሉ። ባል በደጅ ሆኖ ይጠብቃል፤ እናት፣ አክስትና ጎረቤት ሴቶች ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው እጇ የቀና ነው የተባለች አንዲት ሴት ትጠራለች። ይህች የልምድ አዋላጅ ራሷም የወለደች፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ሙያውን ከእናቷ ወይም ከአማቷ አይታ የያዘች ናት። ደመወዝ የላትም፤ የሚሰጣት የምስጋና ስጦታ ነው። እምቢ ማለትም አይሆንላትም፤ በሌሊትም ሆነ በዝናብ ስትጠራ ትሄዳለች።

ምጥ የያዛት ሴት ከምድጃው አጠገብ ትሆናለች። ትንቀሳቀሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፤ መውለጃዋ ሲደርስ ደግሞ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ከኋላ በሌላ ሴት ትደገፋለች። ጀርባዋና ወገቧ በቅቤ ይታሻል። በዙሪያዋ ያሉት «ማርያም ማርያም» እያሉ የእመቤታችንን ስም ይጠራሉ፤ ገና ሳትወልድም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ሲሏት የቆዩ ናቸው። ልጁ ሲወለድ እልልታው ከደጅ ለቆመው አባት መልእክት ነው፤ በቁጥሩም ወንድ ይሁን ሴት ይታወቃል። ከዚያም ገንፎ ይገነፋል፤ ሴቶቹ በአንድነት ይበላሉ፤ የሚገቡት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ።

አራሷ ብቻዋን አትተውም። ከክፉ መንፈስ እንዲጠብቃት ከራስጌዋ ብረት ይደረጋል፤ ቄሱ መጥተው ቤቱን ጠበል ይረጫሉ። ወንድ ከሆነ በ40 ቀን፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እናቲቱ ከከባድ ሥራ ታርፋለች። በደጋው የእርሻ ኑሮ ውስጥ አንዲት ሴት እንጨት ከመልቀምና ውኃ ከመቅዳት የምታርፍበትና ሌሎች የሚያገለግሏት ጊዜ ቢኖር ይህ የአራስነት ጊዜ ነው።

ከላይ የተዘረዘረውን በሙያ ዓይን ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምጥና የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ እንድትንቀሳቀስ፣ የሚቀናትን አኳኋን እንድትመርጥ፣ ፈሳሽና ምግብ እንዳትከለከል ተመክሯል። እነዚህ ሁሉ በጉና ሥር ባለው ጎጆ ውስጥ ያለ መመሪያ ይደረጉ የነበሩ ናቸው።

ቤቱ ያልቻለው

ይሁን እንጂ ይኸው ቤት ለብዙዎች የሞት ቦታም ነበር። እትብት በምላጭ ወይም በተገኘው ስለት ይቆረጥ ስለነበር የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ (ቴታኖስ) በሰፊው ይታይ ነበር። እንገር ለሕፃኑ አይበጅም ተብሎ ይታለባል፤ በምትኩ ለሕፃኑ ቅቤ ማዋጥ የተለመደ ነበር። ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያው መታጠቡ በደጋው ብርድ ሙቀቱን ያሳጣዋል። ማሕፀኑ ሳይከፈት «አምጪ» ማለት፣ ሆድን መጫን፣ ያልተፋቀ እጅን በቅቤ ለውሶ ወደ ውስጥ ማስገባት፣ የዘገየ እንግዴ ልጅን መጎተት የእናትን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጡ ልማዶች ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ከልምድ አዋላጇ ዐቅም ውጭ የሆኑ ችግሮች ነበሩ። ምጥ ሲታገድ፣ ደም ሲፈስ፣ እናት ሲያንዘፈዝፋት በቤቱ ውስጥ ያለው መፍትሔ ጸሎት፣ ጠበልና ትዕግሥት ብቻ ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ሕክምና ካላገኘ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሊገድል እንደሚችል ይታወቃል። በአንጻሩ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ገደላማ ቀበሌ አንዲትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና ወደሚያልፍበት መንገድ ማድረስ ብቻ የብዙ ሰዓታት ጉዞ ነው። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ይሸከማሉ፤ ክረምት ከሆነ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» ብለው የሰየሟቸው፣ ማለትም ለመሄድ የመወሰን፣ የመድረስና ከደረሱ በኋላ እርዳታ የማግኘት መዘግየቶች፣ በዚህ የቃሬዛ ጉዞ ውስጥ በአንድነት ይገኛሉ።

ከታገደ ምጥ በሕይወት የተረፉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ልጃቸውን አጥተው፣ ሽንት መቆጣጠር ተስኗቸው፣ ከባልና ከጎረቤት ተለይተው ይኖሩ ነበር። በለጋ ዕድሜ መዳር በስፋት በነበረበት በዚህ አካባቢ ፊስቱላ ከቤት ወሊድ ታሪክ ሊነጠል አይችልም። የሐምሊን ፊስቱላ ማእከል በባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2005 እስኪከፈት ድረስ ከደብረ ታቦር አካባቢ ለምትመጣ ሴት ልዩ ሕክምናው የሚገኘው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ ነበር።

ከጋፋት እስከ ጎንደር ኮሌጅ

ደብረ ታቦር ከአገሪቱ የታሪክ ጎዳና የራቀች ከተማ አልነበረችም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ መናገሻቸው አደረጓት፤ ከእነርሱም በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተቀመጡባት። በአቅራቢያዋ ባለችው ጋፋት ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ሰፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ አቀለጡ። ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል የሚስዮናዊው የማርቲን ፍላድ ባለቤት ፓውሊነ ፍላድ በጀርመን አገር ካይዘርስቬርት ከነበረው የዲያቆናውያት ማኅበር የወጣች ነበረች። ይህ ማኅበር ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1851 የነርስነት ሥራን የተማረችበት ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን ለጋፋት አውሮፓውያን እናቶችም ቢሆን መውለጃው ቤት ነበር። ልዩነቱ አገሬዋን ከበው ያሉት እናቶቿና እኅቶቿ ሲሆኑ፣ የውጭ አገሯን ሴት ከበው ያሉት ጎረቤቶቿ መሆናቸው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ለማድረስ በጋይንት በኩል ተራራ እየናዱ መንገድ አሠሩ። ከዚያ በኋላ በዚሁ ደጋ ዘመናዊ መንገድ እስኪዘረጋ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ወረታን በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ከወልድያ የሚያገናኘው መንገድ በቻይናውያን እገዛ የተሠራው በደርግ ዘመን ነው። መንገዱ ሲከፈት ነፋስ መውጫና ደብረ ታቦር ለእናቶች ቀረቡ፤ ከመንገዱ የራቁት ቀበሌዎች ግን ከቃሬዛ አልተላቀቁም።

በደብረ ታቦር ዘመናዊ ሕክምናን ያስጀመሩት የሰቨንዝ ዴይ አድቬንቲስት ሚስዮናውያን ናቸው። ለሰፊው ገጠር የደረሰው ለውጥ ግን ከጎንደር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና የሳኒቴሪያን ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የኮሚዩኒቲ ነርሷ ሥራ በጤና ጣቢያው ግቢ የተወሰነ አልነበረም፤ የቤት ለቤት ጉብኝትና እናቶችን በቤታቸው መርዳትም ከተግባሯ አንዱ ነበር። በዚህም የሠለጠነች አዋላጅና የልምድ አዋላጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ምድጃ አጠገብ ተገናኙ።

በዚያው ዘመን ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ያገኟቸው የፊስቱላ ሕሙማን ግን ሥራቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። የመጀመሪያው ዕቅድ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2007 የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ቁስሉን ከማከም አስቀድሞ አዋላጅን ማሠልጠን እንደሚሻል የዚህ ታሪክ አካሄድ ራሱ ይመሰክራል።

የልምድ አዋላጇ፦ ከሥልጠና እስከ ስንብት

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የወጣው የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መግለጫ የባህል ሐኪሞችንና የልምድ አዋላጆችን የጤና ቡድኑ አጋር አድርጎ ተቀበለ። ኢትዮጵያም በደርግ ዘመን የልምድ አዋላጆችን ማሠልጠን ከስልቶቿ አንዱ አደረገች። ሥልጠናው እጅን በሳሙና መታጠብን፣ አዲስ ምላጭና ንጹሕ ክር መጠቀምን፣ የአደጋ ምልክቶችን ለይቶ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ መላክን የሚመለከት ነበር። በየመንደሩ «የሠለጠነች የልምድ አዋላጅ» የሚለው ስም ክብር አገኘ።

ውጤቱ ግን እንደተጠበቀው አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1987 በናይሮቢ የተካሄደው የጤናማ እናትነት ጉባኤ የእናቶችን ሞት የዓለም አጀንዳ ካደረገ በኋላ በየአገሩ የተገኘው ልምድ ተመሳሳይ ሆነ። የንጽሕና ትምህርቱ ሕፃናትን ከቴታኖስ ለማዳን ይረዳል፤ ደም የሚፈሳትን ወይም ምጥ የታገደባትን እናት ግን ያለ መድኃኒት፣ ያለ ደምና ያለ ቀዶ ሕክምና ማዳን አይቻልም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዓለም አቀፉ የአዋላጆች ኮንፌዴሬሽንና የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በጋራ ባወጡት መግለጫ «የሠለጠነ ባለሙያ» የሚለው ስያሜ የልምድ አዋላጆችን፣ ሥልጠና ቢወስዱም እንኳ፣ እንደማያካትት ተገለጸ።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶችን በየቀበሌው አሰማራ። ከዚያም የሴቶች ልማት ሠራዊት፣ ለየወረዳው የተመደበው አምቡላንስ፣ ነጻ የወሊድ አገልግሎትና «ከቤት ወሊድ ነጻ ቀበሌ» የሚለው ዘመቻ ተከታተሉ። የልምድ አዋላጇ ማዋለድ እንድታቆም ተነገራት። ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ሥልጠና የተሰጣት ሴት በድንገት የተከለከለ ሥራ ባለቤት ሆነች። በአንዳንድ ስፍራዎች እናቶችን አጅባ ወደ ጤና ጣቢያ እንድታመጣ ተደርጓል፤ በሌሎች ስፍራዎች ግን ዕውቀቷም ተሰሚነቷም ሳይፈለግ ቀርቷል። ይህ የጤና ሥርዓቱ በሚገባ ያላሰበበት የሽግግሩ ዋጋ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የለውጡ ውጤት አይካድም። በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5፣ በ2011 ከመቶ 10፣ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። በአማራ ክልልም በ2019 ከግማሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሰላው የእናቶች ሞት በ2000 በተደረገው ዳሰሳ 871 የነበረ ሲሆን በ2016 ወደ 412 ወርዷል። የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታኖስም የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ መውጣቱ ለመላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል።

ከቁጥሮቹ መካከል ግን አንዱ ልዩ ትኩረት ይሻል። በ2011ዱ ዳሰሳ በቤታቸው የወለዱ ሴቶች ለምን ወደ ጤና ተቋም እንዳልሄዱ ሲጠየቁ ከመቶ 61ዱ «አስፈላጊ አይደለም» ሲሉ፣ ከመቶ 30ዎቹ «ልማድ አይደለም» ብለዋል። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ እንደ ድንቁርና ይቆጠራል። ነገር ግን አምስት ልጆችን በእናቷና በጎረቤቶቿ እጅ በሰላም የወለደች ሴት አስፈላጊ አይደለም ማለቷ ከራሷ ተሞክሮ የተወሰደ ምክንያታዊ መልስ ነው። ችግሩ የአንዲት ሴት ተሞክሮ የመቶ ሴቶችን አደጋ ማሳየት አለመቻሉ ነው። ይህን ማስረዳት ደግሞ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

የሌሎች አገሮች የቤት ወሊድ

በኔዘርላንድስና በእንግሊዝ አንዳንድ ቤተሰቦች ዛሬም በቤታቸው መውለድን ይመርጣሉ። ስለዚህም «እነርሱ ወደ ቤት ሲመለሱ እኛ ለምን ከቤት እንወጣለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውና ዝቅተኛ ስጋት ያለባቸውን ከ64,000 በላይ እናቶች ያካተተው የእንግሊዝ ጥናት መልስ ይሰጣል። ቀደም ሲል የወለዱ እናቶች በቤት ለመውለድ ሲያቅዱ ለሕፃኑ የታየ ተጨማሪ ስጋት አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱት ላይ ግን ስጋቱ ከፍ ብሏል፤ ከእነዚህም መካከል ከመቶ 45ቱ በምጥ ወቅት ወይም ወዲያው ከወለዱ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል።

እንግዲህ እዚያ «የቤት ወሊድ» ማለት ፈቃድ ያላት አዋላጅ ኦክሲቶሲንና የሕፃን ማነቃቂያ መሣሪያ ይዛ የምትገኝበት፣ አምቡላንስ በስልክ ጥሪ የሚደርስበት ወሊድ ነው። ቤቱ የሆስፒታሉ የተራዘመ ክንድ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት የምትወልደው የስማዳ ልጅ ከመቶ 45 በሚሆን ዕድል መዛወር ቢያስፈልጋት የሚጠብቃት ቃሬዛ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በስም እንጂ በይዘት አንድ አይደሉም።

ወደ ቤት የመለሰው ጦርነት

የዚህ ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ አሳዛኝ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ጎንደር ሲዘልቅ የነፋስ መውጫ ሆስፒታል ተጎድቷል፣ ተዘርፏልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም የመንገድ እንቅስቃሴን፣ የመድኃኒት አቅርቦትንና የአምቡላንስ አገልግሎትን ክፉኛ አውኳል። መንገድ ሲዘጋ ምጥ አይቆምም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቤቷ የምትወልድ እናት ቤቷን መርጣ ሳይሆን ሌላ አማራጭ አጥታ ነው። ለዓመታት እንዳትሠራ የተነገራት የልምድ አዋላጅም ዳግመኛ ትጠራለች፤ በዚህ መካከል ግን አዲስ ምላጭና ንጹሕ ጨርቅ እንድታዘጋጅ ያስታወሳት የለም።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ ቤቱ ያልቻለውን ጤና ተቋሙ መቻል አለበት። ኦክሲቶሲን የሌለው፣ ደም የማያገኝና ሌሊት ባለሙያ የማይገኝበት ጤና ጣቢያ ለእናቲቱ ከቤቷ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቤቱ የቻለውን ጤና ተቋሙ ሊያሳጣት አይገባም። እናቷ ወይም እኅቷ አብራት እንድትገባ መፍቀድ፣ በፈለገችው አኳኋን እንድትወልድ መርዳት፣ ክፍሉን ማሞቅ፣ ገንፎ የሚገነፋበትን ስፍራ ማዘጋጀት፣ የማርያምን ስም ስትጠራ አለመገሠጽ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የተጀመሩት የእናቶች ማቆያ ቤቶችና የገንፎ ሥርዓት በዚህ ረገድ የሚበረታቱ ናቸው። ሦስተኛ፣ የልምድ አዋላጇን ማዋለድ ትተው ማለት እርሷን ማግለል ማለት አይደለም። በመንደሩ ውስጥ ማን እንደጸነሰች፣ የማን ወር እንደገባ፣ የማን ባል እንደሚያመነታ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መንገድ በተዘጋበት ጊዜም እናቲቱ አጠገብ የምትገኘው እርሷ ናት።

ወደ ጤና ጣቢያ የመጣችን እናት የሚቀበል ባለሙያ ከበር ላይ የቆሙትን ሴቶችም ማየት ይኖርበታል። እነዚያ ሴቶች ለብዙ ትውልድ ይህን ሥራ በእጃቸው ይዘው የኖሩ ናቸው። ቢያንስ አንዲቱ አብራት ትግባ።